አካል ጉዳተኞች በራሳቸው ቤት፣ በማኅበረሰቡ መካከል እንዲኖሩ ድጋፍ የማደራጀት ዝርዝር መመሪያ

አንድ አካል ጉዳተኛ ከወላጆቹ ቤት ወይም ከማቆያ ተቋም ወጥቶ በራሱ ቤት እንዲኖር ሲታሰብ፣ ቤተሰቡም ሆነ ድጋፉን የሚያደራጀው ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ቤት ከየት እናገኛለን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ተራው ገና ነው። ቤት ከመፈለጉ በፊት ሰውየው ቀኑን እንዴት ማሳለፍ እንደሚወድ፣ የትኛውን ሥራ ራሱ እንደሚሠራ፣ በየትኛው ሰዓት ምን ዓይነት እገዛ እንደሚያስፈልገው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያ ቤት የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለቤተሰብ አባላት፣ ለድጋፍ ሰጪ ሠራተኞችና አገልግሎቱን ለሚያደራጁ ድርጅቶች ነው፤ ራሱ አካል ጉዳተኛ የሆነ አንባቢም ከሌሎች ምን መጠየቅ እንደሚገባው ለመለየት ሊጠቀምበት ይችላል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት፦ ቤትና ተቋም የሚለዩት በምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2006 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀውና ሜይ 3 ቀን 2008 ሥራ ላይ የዋለው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 19 ሦስት ነገሮችን ይደነግጋል። አንደኛ፣ አካል ጉዳተኞች እንደ ማንኛውም ሰው የት እና ከማን ጋር እንደሚኖሩ የመምረጥ መብት አላቸው፤ በአንድ በተወሰነ የመኖሪያ ዓይነት እንዲኖሩም አይገደዱም። ሁለተኛ፣ የግል ረዳትን ጨምሮ በቤት ውስጥም ሆነ ከቤት ውጭ የተለያዩ የድጋፍ አገልግሎቶችን ማግኘት ይገባቸዋል። ሦስተኛ፣ ለሕዝቡ በሙሉ የተዘጋጁ አገልግሎቶች ለእነርሱም በእኩልነት ክፍት መሆንና ከፍላጎታቸው ጋር መጣጣም አለባቸው።

የኮንቬንሽኑን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 5 ላይ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ለዕለት ሥራ የሚጠቅም ነጥብ ይገኛል። ተቋምን ተቋም የሚያሰኘው የሕንፃው ስፋት ወይም የነዋሪው ብዛት አይደለም። ከመቶ በላይ ሰው የሚኖርበት ግቢም፣ ከአምስት እስከ ስምንት ሰው የሚኖርበት የቡድን ቤትም፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚኖርበት አፓርታማም ተቋም ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦ ረዳትን ከሌሎች ጋር ለመጋራት መገደድ፣ ማን እንደሚረዳ የመምረጥ ዕድል ማጣት፣ ከማኅበረሰቡ መገለል፣ በዕለት ውሳኔዎች ላይ ሥልጣን ማጣት፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩ አለመምረጥ፣ የሰውን ፍላጎት የማይጠይቅ ግትር የጊዜ ሰሌዳ፣ ሁሉም ተሰብስቦ በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ነገር ማድረግ፣ እንዲሁም «እኛ እናውቅልሃለን» የሚል አሠራር።

በእኔ እምነት አንድን ቤት ለመመዘን ረጅም መጠይቅ አያስፈልግም። የበሩ ቁልፍ በማን ኪስ ነው? ነዋሪው በእኩለ ሌሊት ርቦት ቢነሣ ወጥ ቤቱ ክፍት ነው? ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ያንኳኳል? «ይህን ረዳት አልፈልገውም» ቢል ምን ይደረጋል? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የድርጅቱ ራእይና ተልዕኮ የበለጠ ይናገራል።

ደረጃ 1፦ ሰውየውን ማዳመጥ፣ ውሳኔውንም ለእርሱ መተው

የመጀመሪያው ስብሰባ ስለ እርሱ የሚደረግ ሳይሆን የእርሱ ስብሰባ መሆን አለበት። ማን እንደሚገኝ፣ የት እና በስንት ሰዓት እንደሚካሄድ ነዋሪው ይወስናል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ ወረቀት፣ ሥዕል ወይም የብሬይል ጽሑፍ የሚያስፈልግ ከሆነ ከስብሰባው በፊት ይዘጋጃል፤ በስብሰባው መካከል የሚፈለግ አስተርጓሚ ብዙውን ጊዜ የቤተሰብ አባል ይሆንና ትርጉሙ ከቤተሰቡ ፍላጎት ጋር ይቀላቀላል።

«ምን ትፈልጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይምሰል እንጂ ለብዙዎች ከባድ ነው። ዘመኑን ሁሉ ሌሎች ሲወስኑለት የኖረ ሰው የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ጠያቂው መስማት የሚፈልገውን ነው። በተለይ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ለ«አዎ ወይም አይደለም» ጥያቄ «አዎ» የማለት ዝንባሌ እንዳላቸው በሙያው የታወቀ ነው። «ብቻህን መኖር ትፈልጋለህ?» ሲባል «አዎ» ያለ ሰው፣ ጥቂት ቆይቶ «ከጓደኛ ጋር መኖር ትፈልጋለህ?» ሲባልም «አዎ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን በሌላ ቀን ገልብጠው ይጠይቁ፤ ሁለት አማራጮችን በፎቶግራፍ ያሳዩ፤ ከተቻለም ሁለቱንም በተግባር ያስሞክሩ። አንድ ቅዳሜና እሑድ በአንድ ቤት አድሮ የተመለሰ ሰው የሚሰጠው መልስ ከአሥር ስብሰባ በኋላ ከሚገኘው መልስ ይልቅ የታመነ ነው።

በንግግር ለማይግባቡ ሰዎች የመግባቢያ ሰንጠረዥ ይዘጋጃል። ሰንጠረዡ አራት ዓምዶች አሉት፦ ምን እየሆነ ሳለ፣ ሰውየው ምን ሲያደርግ፣ እኛ ምን ማለቱ ነው ብለን እናስባለን፣ ምንስ ልናደርግ ይገባል። ለምሳሌ «ብዙ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ — የሸሚዙን ቁልፍ ደጋግሞ ሲነካካ — ጫጫታው በዝቶበታል — ወደ በረንዳው እንዲወጣ መንገዱን ማሳየት፣ አለማናገር» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ይህን መረጃ የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ እኅት ወይም ለረጅም ዓመታት አብራው የኖረች ሠራተኛ ናቸው፤ ካልተጻፈ ግን እነርሱ በሌሉበት ቀን እውቀቱም አብሯቸው ይሄዳል።

በሕግ ረገድ መነሻው በሕግ ፊት እኩል እውቅና ስለማግኘት የሚደነግገው የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 12 ነው። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 1 እንዳስረዳው፣ ሌላ ሰው ተተክቶ ከሚወስን ይልቅ ሰውየው ራሱ እንዲወስን መደገፍ ይገባል። ብዙ ተጥሮም ፈቃዱን ማወቅ ካልተቻለ፣ መመሪያ የሚሆነው ሌሎች «ለእርሱ ይበጃል» ያሉት ሳይሆን ስለ ፈቃዱና ስለ ምርጫው የሚገኘው የተሻለ ግምት ነው። በተግባር ይህ ማለት «ይህን ለምን መረጥንለት?» ሲባል «ስለሚሻለው» ከማለት ይልቅ «ከዚህ በፊት በእንዲህ ያለ ቦታ ደስ ሲለው ስላየነው» ብሎ መመለስ መቻል ነው።

ከዚሁ ጎን ለጎን ነዋሪው የሚመርጣቸውን ጥቂት ሰዎች ያቀፈ የድጋፍ ክበብ ይመሠረታል። ከአባላቱ ቢያንስ አንዱ ደመወዝ የማይከፈለውና የቅርብ ዘመድም ያልሆነ ሰው ቢሆን እመክራለሁ። ጎረቤት፣ የቀድሞ የክፍል ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ድርጅቱ ሲያጠፋ ለመናገር የማይፈራ፣ ቤተሰቡም ከልክ በላይ ሲሳሳለት ለማለዘብ የሚችል ነው።

ደረጃ 2፦ የሃያ አራት ሰዓቱን ፍላጎት በዝርዝር መመዝገብ

«ከፍተኛ ድጋፍ ያስፈልገዋል» የሚል አረፍተ ነገር ለዕቅድ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ተግባር በተግባር፣ ሰዓት በሰዓት የተሠራ መዝገብ ነው። ሙያው የዕለት ተግባራትን በሁለት ይከፍላል። መሠረታዊ የሚባሉት ገላን መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር እና መመገብ ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ ቤትን ለማስተዳደር የሚያስፈልጉት ናቸው፦ ስልክ መጠቀም፣ ዕቃ መግዛት፣ ምግብ ማብሰል፣ ቤት ማጽዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ በትራንስፖርት መጓዝ፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድ እና ገንዘብን መያዝ።

ከእያንዳንዱ ተግባር አጠገብ የእገዛው መጠን ይጻፋል። ያለ እገዛ ይሠራል፤ ማስታወሻ ብቻ ይበቃዋል፤ በቃል ሲነገረው ይሠራል፤ ሲያሳዩት ይሠራል፤ እጁን ሲደግፉት ይሠራል፤ ሙሉ በሙሉ ሌላ ሰው ይሠራለታል። መዝገቡ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ይሁን፤ የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን ፈጽሞ አይመሳሰሉምና። ሌሊቱም አይዘለል። ስንት ጊዜ ይነሣል? ከተነሣስ ሰው ያስፈልገዋል ወይስ መብራት ብቻ ይበቃዋል? የወጪው ከፍተኛ ድርሻ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

መዝገቡን ሲሠሩ «አይችልም» እና «አድርጎት አያውቅም» የሚሉትን እንዳያምታቱ በጣም ይጠንቀቁ። በተቋም የኖረ ሰው ክብሪት ጭሮ፣ ገንዘብ ቆጥሮ ወይም በር ቆልፎ የማያውቀው ስላልተፈቀደለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው ተግባር ፊት «ያልተሞከረ» ተብሎ ይጻፍ።

ደረጃ 3፦ ቤቱንና አብሮ ነዋሪውን መምረጥ

የመጀመሪያው ደንብ ቤቱንና ድጋፉን መለያየት ነው። የኪራይ ውሉ በነዋሪው ስም፣ የድጋፍ ውሉም በሌላ ሰነድ ይሁን። አከራዩና ድጋፍ ሰጪው አንድ ድርጅት ከሆነ፣ በአገልግሎቱ ቅር የተሰኘ ነዋሪ ቅሬታ ባቀረበ ቁጥር ቤቱን የማጣት ሥጋት ይኖርበታል። ሁለቱ ከተለያዩ ግን ቤቱን ሳይለቅ ረዳቱን፣ ወይም ረዳቱን ሳያጣ ቤቱን መለወጥ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰፈሩ ነው። ከገበያ፣ ከጤና ተቋም፣ ከትራንስፖርት መሣፈሪያና ነዋሪው ከሚያውቃቸው ሰዎች የራቀ ሰፊ ቤት፣ ለእነዚህ ከቀረበ ጠባብ ቤት ያነሰ ነው። የሌሎች አካል ጉዳተኞች መኖሪያዎች በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ መንገድ ላይ ከተከማቹም ጎረቤት የሚያየው ሰውን ሳይሆን «ማዕከሉን» ይሆናል።

አብሮ ነዋሪ የሚኖር ከሆነ ክፍት አልጋ በመኖሩ ብቻ ሁለት ሰዎችን ማጣመር የሰላም ጠንቅ ነው። የእንቅልፍ ሰዓት፣ የድምፅ ልማድ፣ የእንግዳ ብዛትና የንጽሕና ደረጃ አስቀድመው ይነጻጸሩ። ሁለቱ ለተወሰኑ ሳምንታት አብረው ይመገቡ፣ ጥቂት ሌሊቶችን አብረው ይደሩ፤ ከዚያ በኋላ ለየብቻቸው ይጠየቁ።

ደረጃ 4፦ ቤቱን ማመቻቸት

ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ መለኪያዎቹ በቂ ስምምነት ያለባቸው ናቸው። የመወጣጫው ተዳፋትነት ከ1 ለ12 መብለጥ የለበትም፤ ይኸውም እያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል ማለት ነው። ደጃፉ ላይ ሦስት ደረጃዎች ኖረው በድምሩ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካሉ መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። ብዙ ቤት የሚወድቀው በዚህ ነጥብ ስለሆነ ውል ከመፈረምዎ በፊት ሜትር ይዘው ይሂዱ። በሩ ሲከፈት የሚገኘው ነፃ ስፋት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ወንበሩን ለማዞር የሚያስፈልገው ባዶ ቦታ ደግሞ 150 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ መቀመጫ ከወለሉ ከ43 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከወንበር ለመዛወር ይቀላል፤ የመያዣ ብረቱ ግን የሰው ሙሉ ክብደት የሚሸከም ስለሆነ በጠንካራ ግድግዳ ላይ መታሰር አለበት። የማብሪያ ማጥፊያዎች ከወለሉ ከ40 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ባለው ከፍታ መካከል ይሁኑ።

መለኪያው ይህ ቢሆንም የመጨረሻው ፈተና ሰውየው ራሱ በወንበሩ ሆኖ ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤት መሄዱ ነው። በወረቀት ላይ የተስተካከለ መታጠቢያ ቤት በሩ ወደ ውስጥ በመከፈቱ ብቻ ሊዘጋበት ይችላል። ሰውየው ውስጥ ቢወድቅ በሩን ከውጭ መክፈት እንዲቻል፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ወይም ተንሸራታች ይሁን።

ተደራሽነት ግን መወጣጫ ብቻ አይደለም። መስማት ለተሳነው ነዋሪ የበር ደወሉና የጭስ ማስጠንቀቂያው በብልጭታ፣ ለሌሊት ደግሞ ትራስ ሥር በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ መታገዝ አለባቸው። ማየት ለተሳነው ነዋሪ ከሁሉም የሚበልጠው ዕቃ ከቦታው አለመነቀሉ ነው፤ ወንበር አንሥቶ ሳይመልስ የሄደ ረዳት አደጋ ትቶ ሄዷል። ለዝቅተኛ እይታ የደረጃ ጠርዝ፣ የበር እጀታና የማብሪያ ማጥፊያ ከግድግዳው በተለየ ቀለም ይለዩ። ኦቲዝም ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት የሚንዘፈዘፍ የመብራት ዘንግ ወይም የሚጮህ ማቀዝቀዣ ከማንኛውም ደረጃ የከፋ እንቅፋት ሊሆን ይችላል። ሙቀትን በቆዳው መለየት ለማይችል ወይም በፍጥነት ለመራቅ ለማይችል ሰው የቧንቧው ሙቅ ውኃ ከ49 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳይበልጥ ማሞቂያው ይስተካከላል።

ደረጃ 5፦ ረዳቶችን መቅጠር፣ ማሠልጠንና ፈረቃ ማውጣት

እ.ኤ.አ. በ1972 ኤድ ሮበርትስና ጓደኞቹ በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ የመጀመሪያውን ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ሲመሠርቱ፣ ሮበርትስ በፖሊዮ ምክንያት ከአንገት በታች ያለው ሰውነቱ የማይታዘዝለትና በመተንፈሻ መሣሪያ የሚታገዝ ሰው ነበር። ከዚያ እንቅስቃሴ የተወረሰው ሐሳብ፣ ራስን መቻል ማለት ሁሉንም በገዛ እጅ መሥራት ሳይሆን የሚሠራውን ራስ መወሰንና ረዳትን መምራት ነው የሚል ነው። ቅጥሩም ከዚህ ሐሳብ ይነሣል። ነዋሪው በቃለ መጠይቁ ይገኛል፤ መናገር ባይችል እንኳ እጩው ከእርሱ ጋር አንድ ሰዓት ያሳልፋል፤ እጩው ለእርሱ ይናገራል ወይስ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ስለ እርሱ ያወራል? ይህን አንድ ነገር ማየት ብቻ ከብዙ የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ሒሳቡን ቀድመው ይሥሩት። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ፣ አንድ ሰው ሁልጊዜ በቤት እንዲገኝ 4.2 ሠራተኞች ያስፈልጋሉ፤ ዕረፍት፣ ሕመምና ሥልጠና ሲጨመርበት ከአምስት ያላነሱ ይሆናሉ። ይህን ሳያሰሉ በሦስት ሰው የተጀመረ ቤት ሠራተኞቹ ሲደክሙ ይፈርሳል። በሌላ በኩል ሙሉ ቀን ሰው የማያስፈልገው ነዋሪ ላይ ሃያ አራት ሰዓት ሰው ማስቀመጥም ነፃነቱን መንፈግ ነው፤ ጥቂት ሰዓት ጉብኝትና የአደጋ መጥሪያ ቁልፍ የሚበቃው ሰው ጥቂት አይደለም። ለሌሊት ነቅቶ የሚያድር ሠራተኛና ተኝቶ ሲጠራ የሚነሣ ሠራተኛ የተለያዩ ናቸው፤ የትኛው እንደሚያስፈልግ በደረጃ 2 የተሠራው የሌሊት መዝገብ ይወስናል።

ሥልጠናው ሰውን ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወርን፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታን፣ የነዋሪውን የመግባቢያ ዘዴና ምሥጢር መጠበቅን ይሸፍን። አዲስ ረዳት ብቻውን ከመግባቱ በፊት ነባሩ በሚሠራበት ፈረቃ አብሮ ይውላል፤ የሚያስተምረውም በተቻለ መጠን ነዋሪው ራሱ ነው። ለቀረ ሠራተኛ ማን እንደሚተካ የሚገልጽ የስልክ ዝርዝር በበሩ አጠገብ ይኑር።

ደረጃ 6፦ የድጋፍ ዕቅዱን መጻፍ

ከሃምሳ ገጽ ዕቅድ ይልቅ ረዳቱ ጠዋት ሲገባ የሚያነበው አንድ ገጽ ሥራ ይሠራል። በዚያ ገጽ ላይ ሦስት ነገሮች ብቻ ይሰፍራሉ፦ ሰዎች የሚወዱልኝ ባሕርይ፣ ለእኔ አስፈላጊ የሆኑ ነገሮች፣ እኔን በደንብ መደገፍ የሚቻልበት መንገድ። «ከእንቅልፌ ስነሣ ለግማሽ ሰዓት አታናግሩኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር የአንድን ቤት ጠዋት ያድናል።

ከገጹ ሥር የጤና ክፍሉ ይከተላል፤ እዚህ ግን ማሳጠር አይፈቀድም። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ አሰጣጡና የተሰጠበት ፊርማ ይመዘገባል። የሚጥል በሽታ ካለ፣ መንቀጥቀጡ እንደጀመረ ሰዓት ይታያል፤ አፍ ውስጥ ምንም ነገር አይከተትም፤ ሰውየው በጎኑ ይደረጋል፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው አልጋ ላይ በግምት በየ2 ሰዓቱ ይገለበጣል፤ ወንበር ላይ ሲውል ደግሞ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ክብደቱን ያሸጋሽጋል፤ ይህ ካልሆነ የግፊት ቁስል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ አንጓ በላይ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ሰው ድንገት ከባድ ራስ ምታት ቢይዘው፣ ፊቱ ቢቀላና ቢያልበው የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ እየወጣ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ የጠበበ ልብስ መፍታት፣ የሽንት ቱቦው መታጠፉን ወይም መዘጋቱን ማየትና የሕክምና እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ረዳት ማስታገሻ ሰጥቶ ሊያስተኛው ይችላል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚሳተው፣ በንግግር የማይግባባ ሰው ባሕርዩ ድንገት ሲለወጥ ምክንያቱን ጉዳቱ ላይ ማሳበብ ነው። ራሱን መምታት የጀመረ ሰው ጥርሱን ወይም ጆሮውን ሊያመው፣ ሆዱ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ ስለ ባሕርይ ከመነጋገር በፊት ሐኪም ይየው። ሕመም አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ከድርጊቱ በፊት ምን እንደነበረ፣ ድርጊቱ ምን እንደሆነ፣ ከድርጊቱ በኋላ ምን እንደተከተለ ለተከታታይ ቀናት ይመዘገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «በፊት» ከሚለው ዓምድ ይገኛል።

ደረጃ 7፦ ሥራን ለሰውየው ሳይሆን ከሰውየው ጋር መሥራት

ረዳት ፈጥኖ ሲሠራ ነዋሪው ተመልካች ይሆናል። ማንኛውም የቤት ሥራ ግን ወደ ትንንሽ እርምጃዎች ሊከፈል ይችላል። በር ቆልፎ መውጣትን እንውሰድ። ምድጃው መጥፋቱን ማየት፣ መስኮቱን መዝጋት፣ ቁልፉን ከመስቀያው ማንሣት፣ መውጣት፣ በሩን መሳብ፣ ቁልፉን ማስገባት፣ ማዞር፣ እጀታውን ገፍቶ መሞከር፣ ቁልፉን ኪስ መክተት፤ ዘጠኝ እርምጃዎች ናቸው። ማስተማሩ ከመጨረሻው ቢጀምር ይመረጣል። መጀመሪያ ረዳቱ ስምንቱን ይሠራል፣ ነዋሪው ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ይህ ሲለመድ እጀታውን መሞከሩም የነዋሪው ይሆናል፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። የዚህ አካሄድ ጥቅም ነዋሪው ሁልጊዜ ሥራውን የሚያጠናቅቀው እርሱ መሆኑ ነው።

እገዛው ሲሰጥ ከትንሹ ይጀመር። መጀመሪያ ዝም ብሎ መጠበቅ፣ ቀጥሎ በእጅ ማመልከት፣ ቀጥሎ በአጭር ቃል መንገር፣ በመጨረሻ ፈቃድ ጠይቆ እጅ መደገፍ። ዝም ብሎ መጠበቁ ለረዳቶች ከሁሉም ይከብዳቸዋል።

ደረጃ 8፦ ከቤት ውጭ ያለው ሕይወት

ስዊድናዊው ቤንግት ኒርየ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቀረበው የኖርማላይዜሽን መርሕ አካል ጉዳተኛው እንደማንኛውም ሰው የቀን፣ የሳምንትና የዓመት ዑደት ሊኖረው ይገባል ብሏል። በሥራ ቀን ከቤት የሚያስወጣ ጉዳይ፣ ቅዳሜ ለየት ያለ ነገር፣ በዓመት ውስጥ በዓልና ዕረፍት ማለት ነው። በቡድን በአንድ መኪና ተጭኖ መናፈሻ ዞሮ መመለስ ግን ይህን አይተካም።

የሚሻለው ነዋሪው ወደ አንድ ቦታ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ደጋግሞ መሄዱ ነው፤ የስፖርት ክበብ፣ የዕደ ጥበብ ትምህርት፣ የአምልኮ ቦታ ወይም የሥራ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሰዎች ፊቱን ይለምዱታል፣ ቢቀር ይጠይቁታል። ረዳቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጎኑ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሁለት ወንበር ይርቃል፣ ከዚያ በር ላይ ይጠብቃል። ሰው ረዳቱን «ምን ይፈልጋል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ረዳቱ ፊቱን ወደ ነዋሪው ማዞር እንጂ መመለስ የለበትም።

ደረጃ 9፦ አደጋን መመዘን፣ በደልን መከላከል

አደጋ የሌለበት ሕይወት የለም፤ ለአካል ጉዳተኛም የተለየ ሕግ የለውም። አሜሪካዊው ሮበርት ፐርስኪ እ.ኤ.አ. በ1972 «የአደጋ ክብር» ብሎ የጠራው ሐሳብ፣ ሰውን ከማንኛውም አደጋ መከለል ክብሩን መንፈግ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ነዋሪው ብቻውን አውቶቡስ መሳፈር ከፈለገ የሚጻፈው «አይፈቀድም» ሳይሆን ምን ሊሳሳት እንደሚችል፣ ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ፣ እንዴት እንደሚቀንስና ባይሄድ ምን እንደሚያጣ ነው። የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

በር መቆለፍ፣ ማሰር ወይም ለማስታገስ ብቻ መድኃኒት መስጠት የድጋፍ ስልት አይደለም። ገደብ በአንድ ወቅት ሕይወት ለማትረፍ ቢያስፈልግ እንኳ በጽሑፍ ይያዝ፣ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው፣ ከቤቱ ውጭ ያለ ሰው ይገምግመው።

ገንዘብን በተመለከተ፦ የባንክ ሒሳቡ በነዋሪው ስም ይሁን፤ የወጣ ገንዘብ ሁሉ በደረሰኝ ይመዝገብ፤ መዝገቡን የሚይዝና የሚመረምር አንድ ሰው አይሁን። ያልታወቀ ብልዝ፣ ከአንድ ሠራተኛ መሸሽ፣ ምግብ መተው፣ የጠፋ ንብረት ሲታይ ለማን እንደሚነገር አስቀድሞ ይታወቅ፤ ቅሬታ ተቀባዩም ከድጋፍ ሰጪው ድርጅት ውጭ የሆነ፣ ነዋሪው ያለ ረዳት ሊያገኘው የሚችል ሰው ይሁን። የእሳት አደጋ መውጫ ልምምድም ይደረግ፤ ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ አንድ ሠራተኛ ብቻ ባለበት ሁኔታ ካልተሞከረ ዕቅዱ አልተሞከረም።

ደረጃ 10፦ መከታተል፣ መለወጥና ለነገ መዘጋጀት

የመጀመሪያው ወር አብዛኛውን ጊዜ ያታልላል። ነዋሪው በአዲሱ ነገር ደስ ይለው ይሆናል፣ ወይም በተቃራኒው እንቅልፍና ምግብ ያጣ ይሆናል፤ በዚህ ወር ብቻ ተመሥርቶ «ተሳክቷል» ወይም «አልሆነም» ብሎ መወሰን አይገባም። ግምገማ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ ይደረግ። የሚጠየቀውም የወለሉ ንጽሕና ሳይሆን ባለፈው ሳምንት ነዋሪው ራሱ የወሰናቸው ነገሮች፣ ደመወዝ ሳይከፈላቸው የጎበኙት ሰዎች፣ ብቻውን የሠራቸው ሥራዎችና የሰለቸው ነገር ነው። እገዛ ሊቀነስ የሚችልበት ቦታ ሲገኝ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነስ፤ ካልሆነም ያለ ወቀሳ ይመለስ። ቤቱን መለወጥ ከፈለገ የተጻፈው ዕቅድና የሚያውቁት ረዳቶች አብረውት ይሄዳሉ።

ወላጆች ደግሞ ሳይዘገይ የሚያዘጋጁት አንድ ሰነድ አለ፤ እነርሱ ቢታመሙ ወይም በሞት ቢለዩ ማን ምን እንደሚያደርግ የሚገልጽ ነው። በሰነዱ ላይ የሐኪሞቹ ዝርዝር፣ የመድኃኒቱ ታሪክ፣ የመግባቢያ ሰንጠረዡ፣ የውርስና የገንዘብ ጉዳይ፣ እንዲሁም የሐዘኑን ዜና ለነዋሪው ማን፣ በምን ቋንቋና እንዴት እንደሚነግረው ይጻፋል። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነዋሪው ሐዘኑን እንዳይሰማ መደበቅ ግን እናቱን ለወራት በደጃፍ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ሰነዱ በየዓመቱ በግምገማው ዕለት ይታደሳል፤ አንዱ ቅጂ በነዋሪው ቤት፣ ሁለተኛው ከድጋፍ ክበቡ አባላት ነዋሪው በመረጠው ሰው ዘንድ፣ ሦስተኛው በሕግ ጉዳይ በሚረዳው ሰው ዘንድ ይቀመጣል።